የገብረጻድቅ ጎማ

ብርቅታይት ጋራዡ ስትደርስ አስከሬኑ ተነሥቷል፤ ሽታው ግን አልተነሣም። የዲፈረንሻል ዘይት ነው፤ እንደ በሰበሰ እንቁላል ማስክ አልፎ ጉሮሮ ይይዛል። ኢንተርፕራይዝ በሚባለው ሰፈር ባለው በዚያ ጠባብ ጋራዥ ወለል ላይ ጥቁሩ ዘይት ከደም ጋር ተለውሷል። በሥራ ቦታ የሚደርስ አደጋ መመርመር ከጀመረች ሃያ ዓመቷ ነው።

መኪናው የ1972 ስፖርት መኪና ነው። ባለቤቱ መልከጼዴቅ፣ የካዚኖ ካርድ አዳይ፣ ትንሹን ሞተር አስወጥቶ ባለስምንት ሲሊንደር አስገጥሞበታል። የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው የድሮው ዲፈረንሻል ይህን ጉልበት ስለማይችል፣ ሟቹ መካኒክ ገብረጻድቅ ጠንካራ ዲፈረንሻል እየገጠመለት ነበር። ፖሊሶቹ ክሪኩ ከድቶት መኪናው ወደቀበት ብለው ጨርሰዋል።

«ሺፍት ከመግባቴ በፊት ቼክ ላደርግ መጥቼ ነው ያገኘሁት» አለ መልከጼዴቅ።

«ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«ስለዘገየብኝ ተናግሬዋለሁ፤ አልዋሽዎትም። ‹የኋላው ሳይጠነክር ብትነዳው መንገድ ላይ ይበትንሃል፤ ሳላምንበት አልሰጥህም› አለኝ።»

የሟቹ ልጅ ሮሐ በሩን ተደግፋ ቆማለች። ዓይኗ ከክሪኩ አልተነቀለም።

«እኔ ነኝ የገዛሁለት» አለች። «ለበርዝደይ። ኦንላይን ሴል ላይ ነበር። እኔ ነኝ የገደልኩት።»

«አባትሽ በክሪክ ብቻ ተማምኖ ከሥር ይገባል?»

«ኖ፣ ሁሌ ጎማ ያስገባል። የፈታውን ጎማ ከመኪናው ጎን ሥር ያጋድመዋል። ሱዳን ስደት ላይ እያለ የለመደው ነው። የብረት ማቆሚያ ግዛ ብለው ‹ጎማዬ ይበቃኛል› ይላል።»

«ዛሬ ደውሎልሽ ነበር?»

«ቀትር ላይ። ዲፈረንሻሉ ደስ አላለኝም፣ አሁን ልከፍተው ነው አለኝ።»

ብርቅታይት ዞር ብላ ጎማውን ፈለገች። ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አንደኛው ገጹ በጥቁር ዘይት ተረጭቷል፤ ሌላው ደረቅ ነው። ከቆመበት ግድግዳ አጠገብ ግን አንድ ጠብታ የለም። ከዚያ ወደ ክሪኩ ጎንበስ አለች። የማውረጃው ብሎን ክፍት ነበር።

የገብረጻድቅ ሸሪክ ዘውዴ ዕቃ ገዢ እንጂ እጁን ዘይት የሚያስነካ ሰው አይደለም። የዚያኑ ምሽት ሲልቬራዶ ራንች በሚባለው ሰፈር፣ አንድ የገበያ ማዕከል ፓርኪንግ ላይ፣ መኪናው ውስጥ አስቀምጦ አነጋገራት።

«ከጠዋት ጀምሮ ዕቃ ሳፈላልግ ዋልኩ። ጋራዡን በእግሬ አልረገጥኩም። መርዶውን በስልክ ነው የሰማሁት።»

ብርቅታይት ማስኳን ወደ አፍንጫዋ ጫን አደረገች። ያ የበሰበሰ ሽታ ከዘውዴ እግር ሥር፣ ከምንጣፉ፣ ይወጣል። መስኮቱን አወረደች።

«ቢዘጉት? ይበርዳል።»

«አይሸትዎትም?»

«ምኑ? ኮሮና ከያዘኝ ወዲህ እኔ የማሸተው ነገር የለም። ሽሮና አፈር አንድ ሆኖብኛል።»

በማግስቱ ጠዋት ሦስቱንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ። ክሪኩ ሌላ መኪና ተሸክሞ መሐል ወለሉ ላይ ነበር።

«ከትናንት ጀምሮ ከስፖርት መኪናው የከበደ መኪና አሸክሜዋለሁ» አለች ብርቅታይት። «ፀጉር ታህል አልወረደም። ክሪኩ ጤነኛ ነው፤ በእጅ ተለቀቀ እንጂ አልከዳም። አሁን ጎማውን እዩት። ዘይቱ አንዱን ገጹን ብቻ የረጨው ከመኪናው ሥር ተጋድሞ ሳለ ነው። ስለዚህ ገብረጻድቅ ዲፈረንሻሉን ሲከፍት ጎማው በቦታው ነበር። ከዚያ በኋላ ሰው አወጣው። ገብረጻድቅ ከሥር ተኝቶ ሳለ ጎማውን እንዲያወጣ የሚፈቅደው ለሚያምነው ሰው ብቻ ነው።»

«እኔን አያምነኝም ነበር» አለ መልከጼዴቅ።

«አውቃለሁ። ለአንተ የመጣው ዲፈረንሻል አዲስ ነው ተብሎ ነበር። ዘይቱ ግን የተቃጠለ ነው፤ በውስጡ ያሉት የብረት ጥርሶችም ተሸራርፈዋል። አሮጌ ዕቃ ላዩን ቀለም ተቀብቶ ነው። ማን ገዛው?»

ሁሉም ወደ ዘውዴ ዞሩ።

«ሻጩ አታሎኝ ይሆናል» አለ። «ደግሞ እኔ እዚህ አልነበርኩም።»

«ዲፈረንሻሉ የተከፈተው ቀትር ላይ ነው፤ ዘይቱም ወለል የነካው ከዚያ በኋላ ነው። ጋራዡን ካልረገጡ፣ መኪናዎ ምንጣፍ ላይ እንዴት ደረሰ? ፖሊስ ምንጣፉን ወስዷል፤ የተሸራረፈው ጥርስ ብናኝ ሳይቀር አለበት። ሌላ ሰው ቢሆን ጫማውንም ምንጣፉንም ወዲያው ያጥብ ነበር። እርስዎ ስላልሸተተዎት መስኮቱን እንድዘጋ ጠየቁኝ።»

ዘውዴ ማስኩን ዝቅ አደረገና ተነፈሰ። «አሮጌ ዕቃ አዲስ ነው ብዬ እንደማመጣ ለሰው ሁሉ እነግራለሁ አለኝ። ‹ጎማውን ላንሳልህ፣ አላሳልፍ አለኝ› ስለው እሺ አለ፤ ከዚያ ክሪኩን ለቀቅኩት» አለ። ቀጥሎም፣ የተበደለው እሱ ይመስል፣ «ያ ዲፈረንሻል እኮ አንድ ክረምት ይቆይ ነበር» ሲል ጨመረ።

ብርቅታይትን ከዘይቱ ይልቅ ይህ ሰው ከረፋት። ፖሊሶቹ እስኪወስዱት ድረስ ፊቷን አዙራ ቆመች።

«ታዲያ ክሪኩ አይደለም?» አለች ሮሐ።

«አይደለም፣ ልጄ። ደህና ክሪክ ነው የገዛሽለት።»

ሮሐ ተንበርክካ እጇን ክሪኩ ላይ አሳረፈችና እስኪወጣላት አለቀሰች። ከዚያ ተነሥታ ጥግ ከተደረደሩት ጎማዎች አንዱን እያንከባለለች አምጥታ፣ አባቷ እንደሚያደርገው፣ ከመኪናው ጎን ሥር አጋደመችው።