የማክሰኞና የሐሙስ ቅጠሎች

ስክሪኑ ላይ ስልሳ ነጥቦች ነበሩ፤ ስልሳውም የእሷ የእጅ ሥራ። እያንዳንዷ ነጥብ አንዲት የድንች ቅጠል ናት፤ በመቀስ ቆርጣ፣ በቱቦ ከትታ፣ አቀዝቅዛ ለንባብ የላከቻት። በሽታ የሚቋቋመው ድንች ቅጠሎች በአንድ ወገን፣ የማይቋቋመው በሌላ ወገን ተሰብስበው ይታያሉ ተብሎ ነበር የተጠበቀው። ነጥቦቹ ለሁለት መከፈሉንስ ተከፍለዋል፤ ግን ጠንካራውና ደካማው በሁለቱም ጎራ እንደ ገበያ ሰው ተደባልቋል።

«እኔ ግራ ገብቶኛል» አለ ፕሮግራመሩ፣ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን እያሸ። «አንቺስ?»

«እኔማ ከመጀመሪያውም ግራ እንደገባኝ ነኝ» አለችው።

ሳቀ። እሷም ሳቀች። የሚያስቅ ነገር ግን አልነበረም።

ፕሮግራሙ የእሱ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ብቻውን እየጻፈ፣ እያፈረሰ፣ እንደገና እየጻፈ የሠራው። ከአንዲት ቅጠል የሚወጣውን የዘረመል መረጃ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ቢያነብ አይጨርሰውም፤ ፕሮግራሙ ግን በአንድ ከሰዓት አንብቦ የትኛው ጂን እንደነቃ፣ የትኛው እንደተኛ ይናገራል። የምርምር ተቋሙ የቀጠረውም ለዚሁ ነው። አሁን ግን ጥናቱን የሚመሩት ፕሮፌሰር ቁርጡን ነግረውታል። እስከ ዓርብ የዚህ ግራ አጋቢ ሥዕል ምክንያት ካልተገኘ ፕሮግራሙ ይጣላል፤ በምትኩ ሌላ ዝግጁ ፕሮግራም ይመጣል፤ የእሱም ውል በወሩ መጨረሻ ያበቃል።

የሚገርመው ፕሮግራሙ ምክንያቱን ከተናገረ ቆይቷል። «ከስልሳው ቅጠል በሃያ አራቱ የቁስል ጂኖች ነቅተዋል» ይላል። የተቆረጠ ቅጠል ወዲያው አይሞትም። መቁሰሉን ያውቃል፤ ቆየት ካለም የቁስል ጂኖቹን አንድ በአንድ ይቀሰቅሳል። ያን ጊዜ የሚነበበው የበሽታው ነገር መሆኑ ይቀርና የመቀሱ ነገር ይሆናል። ለዚህ ነው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ገብቶ መቀዝቀዝ ያለበት። ፕሮፌሰሯ ግን ይህን ሲሰሙ ከት ብለው ሳቁ።

«በደቂቃ እጅ? ሂድና ፕሮግራምህን መርምር!»

ላቦራቶሪው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ደቂቃ ነው የሚሏት። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ቅጠል ከደቂቃ አሳልፋ እንደማታውቅ ሁሉም ይምላል። ራሷም ብትጠየቅ ትምል ነበር።

ከፕሮግራመሩ ጋር የተዋወቁት በጠብ ነው። ከአራት ወር በፊት በአንድ ማክሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሩን ታቅፎ ገባና ሶኬት ሲፈልግ የናሙና መበጥበጫውን ማሽን ነቅሎ የራሱን ሰካ።

«ኧረ አንተ! ምን ነካህ? የነቀልከውን መልስ!» ብላ ጮኸችበት።

ከመደንገጡ የተነሳ የራሱን መንቀል ትቶ የፍሪጁን ነቀለ። ያን ቀን ስትናደድ ዋለች፤ ወደ ቤቷ ስትሄድ ግን አውቶቡስ ውስጥ ብቻዋን ስትስቅ አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ ፈንጠር ብለው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞና ሐሙስ በመጣ ቁጥር የመስኮቱ ጥግ ጠረጴዛ የእሱ ሆነ።

ረቡዕ ጠዋት፣ እሱ በሌለበት፣ ነጥቦቹን በወረቀት አትማ የሥራ ደብተሯን ከወረቀቱ ጎን ዘረጋች። ሐሳቧ ልትረዳው ነው። ፕሮግራሙ የቅጠሎቹን ቁጥርና ዝርያ እንጂ የተቆረጡበትን ቀን አያውቅም፤ ቀኑ ያለው በእሷ ደብተር ብቻ ነው። ስድስት ሳምንት፣ በቀን ሁለት ቅጠል። በየነጥቡ ራስ ላይ ቀኑን በእርሳስ ትጽፍ ጀመር። ሰኞ። ረቡዕ። ዓርብ። ረቡዕ። የግራው ጎራ ከእነዚህ ሦስት ቀናት አልወጣም። ወደ ቀኙ ተሻገረች። ሐሙስ። ማክሰኞ። ማክሰኞ። ሐሙስ።

እርሳሷን አስቀመጠች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ እሷ ግን ቀኖቹን ደግማ ቆጠረች። ማክሰኞና ሐሙስ ምን አለ? የፍሪጁን ሙቀት መዝገብ አየች፤ ያው ነው። የናይትሮጅኑን በርሜል አየች፤ ያው ነው። የጽዳት ሠራተኛዋን ኮሪደር ላይ አስቁማ «ማክሰኞና ሐሙስ በምንድን ነው የምታጸጂው?» ብላ ጠየቀቻት።

«በመጥረጊያ ነዋ!» አለች ሴትዮዋ። «ደግሞ ለየቀኑ የተለየ መጥረጊያ አምጪ ልትዪኝ ነው?»

እንደዞረባት ቤቷ ገባች። ታላቅ እህቷ ልብስ ሰፊ ናት። እናታቸው ካረፉ ወዲህ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ አብረው ይኖራሉ፤ አንዱን ክፍል የስፌት መኪናውና የደንበኞች ልብስ ይዘውታል። ጫማዋን ሳታወልቅ ከጨርቁ ክምር አጠገብ ቁጭ አለች።

«እትዬ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከሌላው ቀን በምን ይለያል?»

እህቷ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ለማን?»

«ለድንች።»

«የድንቹን አላውቅም። ላንቺ ከሆነ ግን ቀዩን ሹራብ የምትለብሺበት ቀን ነው።»

«የምን ቀይ ሹራብ?»

«ማክሰኞ ለብሰሽ ትሄጃለሽ፣ ማታውኑ ታጥቢዋለሽ፣ ሐሙስ ደግሞ እሱኑ ትለብሻለሽ። ቁምሳጥኑ ሙሉ ልብስ እያለ! ሽቶዬም የሚጎድለው በነዚሁ ቀናት ነው። ዝም ያልኩሽ ትልቅ ሰው ነሽ ብዬ እንጂ ዓይኔ ጠፍቶ መሰለሽ?»

«አጋጣሚ ነው።»

«ይሁንልሽ። ለመሆኑ ሰውየው ምን ይሠራል?»

«የቱ ሰውዬ?» አለች፤ ድምፅዋ ግን ከዳት። እህቷ እግሯን ከመኪናው መርገጫ ላይ አንስታ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

«የኔ እናት፣ ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። አንቺ ግን ተቃጥለሽ አልቀሻል።»

ደብተሩን ከቦርሳዋ አወጣች። ቅጠል የቆረጠችበት ሰዓት በግራው ገጽ፣ ያቀዘቀዘችበት በቀኙ ገጽ ነው የሚጻፈው። ሁለቱን አቀናንሳ አይታ አታውቅም። ደቂቃ ናታ! ምን ያስቀንሳታል? አሁን ቀነሰች። ሰኞ፣ አንድ ደቂቃ። ማክሰኞ፣ ዘጠኝ። ረቡዕ፣ አንድ። ሐሙስ፣ አስራ አንድ። የእጅ ጽሑፏ እንደ ወትሮው ያማረ፣ አንድ ስርዝ እንኳ የሌለው ነው። በገዛ እጇ፣ እጅ ከፍንጅ ተያዘች።

ከሁሉ የበለጠውን፣ አስራ አራት ደቂቃ የፈጀውን ሌላ ሐሙስ አስታወሰችው። ፕሮግራመሩ ልጅ ሳለ የአጎቱን ሬዲዮ ፈትቶ መልሶ ሲገጥመው ሦስት ብሎን እንደተረፈውና ሬዲዮው ግን ከበፊቱ ይልቅ ጥርት ብሎ እንዳወራ የነገራት ያን ቀን ነው። እሷ በአንድ እጇ መቀስ፣ በሌላው ቅጠል ይዛ ቆማ «ከዚያስ?» ትለው ነበር። አጎቱ ምን አሉ? ብሎኖቹስ የት ገቡ? ቅጠሎቹ በጓንቷ ውስጥ ቁስላቸውን እያዳመጡ፣ እሷ እሱን እያዳመጠች።

ወድጄዋለሁ ማለት ነው? አለች በልቧ። ይህን ከማንም በፊት ማወቅ የነበረባት እሷ አልነበረችም እንዴ? እንዴት ድንች ይቀድማታል? ደግሞስ እሱ? ለእሷ የሚስቀውን ሳቅ ለጽዳት ሠራተኛዋም ይስቀዋል፤ ለበር ጠባቂውም ይስቀዋል። እየተገላበጠች አሰበች፤ ባሰበች ቁጥር ነገሩ ይበልጥ ተወሳሰበባት።

ሐሙስ ግራጫ ሹራብ ለብሳ ሄደች። እሱ ከእሷ ቀድሞ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች እየሰበሰበ ነበር።

«ሦስት ሳምንት ፈለግኩት፤ አላገኘሁትም» አላት። «ነገ ለፕሮፌሰር ስህተቱ የፕሮግራሙ ነው ብዬ ልነግራቸው ነው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አይደለሁም። ግን ሌላ ማን ይሆናል?» ቀና ብሎ አያት። «አንቺ ልትሆኚ አትችዪ።»

አሁን ልንገረው አለች። ግን ‹አቆይቼው ነው› ካለች ‹ለምን አቆየሽው?› ይመጣል። ለዚያ ደግሞ ያላት መልስ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ሰው ዓይን ለዓይን እየተያየ የሚናገረው ዓይነት አይደለም። ስድስት ዓመት የገነባችው ስሟም አለ። ስሟንና እሱን በአንድ ቀን ማጣት እንዴት ይቻላል? ደብተሯን መሳቢያ ውስጥ ከትታ ዘጋችበት። እሱ ኮምፒውተሩን ታቅፎ ሲወጣ በሩ ላይ ዞር ብሎ አንድ ነገር ሊናገር ፈለገ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ግን «ደህና ዋዪ» ብቻ ብሎ ሄደ። ያን ቀን አንድም ቅጠል አልቆረጠችም።

ዓርብ በአራት ሰዓት በፕሮፌሰሯ ቢሮ ተሰበሰቡ። ፕሮፌሰሯ፣ ሁለት ተመራማሪዎች፣ እሱና እሷ። ሳይጠይቁት ተነሳ።

«ፕሮፌሰር፣ ሥዕሉን ያበላሸው ፕሮግራሜ ነው። ስህተቱ የት እንዳለ ማግኘት አልቻልኩም። ሌላ ብታመጡ አልቃወምም።»

አራት ዓመት የለፋበትን ነገር የሰው ዕቃ የሚመልስ ይመስል በቀስታ ነበር የተናገረው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሏል ይሄ ነው። እጆቹን ከጀርባው አቆላልፎ ሲቆም፣ አንዱን አውራ ጣት በሌላው እጁ እንዴት እንደጨበጠ ከኋላ ታየዋለች። ከዚያ በላይ መቀመጥ አልቻለችም።

«ፕሮግራሙ አልተሳሳተም» አለች። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ። «ቅጠሎቹ በእርግጥም ቆስለው ቆይተዋል። ያቆየኋቸው እኔ ነኝ።»

ደብተሩን ፕሮፌሰሯ ፊት ዘረጋችው። ፕሮፌሰሯ መነጽራቸውን አጠለቁ፤ ጣታቸው ከግራ ገጽ ወደ ቀኝ ገጽ ሄዶ ተመለሰ።

«አስራ አራት ደቂቃ?» አሉ። «አንቺ?»

«አዎ።»

«ሃያ አራቱም ማክሰኞና ሐሙስ... ለምን?»

ከውጭ የውሃ ፓምፕ ድምፅ ይሰማል። ‹አላውቅም› የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው።

«ሰው እያዳመጥኩ ነበር። በነዚያ ቀናት የሚመጣ ሰው አለ። እሱ ሲያወራ ቅጠል መያዜን እረሳለሁ።»

ማን ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሁለቱ ተመራማሪዎች ቀስ ብለው ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አዞሩ። ፕሮፌሰሯም አዞሩ። ፕሮግራመሩ ግን ግንባሩን ቋጥሮ፣ ከባድ ሒሳብ እንደሚያወጣ ሰው ጣሪያውን ያይ ነበር።

«ማክሰኞና ሐሙስ የምመጣው እኮ እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ፣ ከልቡ ግራ ተጋብቶ።

ተመራማሪዎቹ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። እሷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ፕሮፌሰሯ ብቻ አልሳቁም፤ ደብተሩን ዘጉት።

«ሃያ አራቱ ቅጠል ይጣላል» አሉ። «አዲስ ትተክያለሽ፣ አዲስ ትቆርጫለሽ፤ ሁለት ወር ቅዳሜ የለሽም። ሪፖርቱ ላይም ስህተቱ በስምሽ ይጻፋል። ፕሮግራሙ ይቆያል። እዚህ ቤት ሳያዳላ እውነቱን የተናገረው እሱ ብቻ ነው።» ከዚያ ወደ እሱ ዞሩ። «አንተ ደግሞ ቅጠል በሚቆረጥበት ሰዓት እዚያ ክፍል እግርህ እንዳይረግጥ!»

ኮሪደሩ ላይ ወጥታ በፍጥነት ተራመደች። ከኋላዋ ኮቴ ሰማች፤ የማን እንደሆነ ለማወቅ መዞር አላስፈለጋትም።

«ቆዪ እንጂ!»

ቆመች፤ ግን ግድግዳውን ነበር የምታየው። «አሁን ምንም አትበለኝ። አፍሬያለሁ።»

«አንድ ነገር ልናዘዝ። ከዚያ ብትፈልጊ ተሳደቢ።» ትንፋሹ አጥሯል። «ፕሮግራሙ የሚሠራው እኔ ቢሮ ባለው ትልቁ ኮምፒውተር ላይ ነው። መጀመሪያ ቀን የመጣሁት የናሙና ዝርዝር ልወስድ ነበር። ከዚያ በኋላ እናንተ ላቦራቶሪ ውስጥ ምንም ሥራ ኖሮኝ አያውቅም።»

ዞረች። «ምንም?»

«ምንም።»

«ታዲያ አራት ወር ሙሉ እዚያ ጥግ ተቀምጠህ ምን ትጽፍ ነበር?»

«የተጻፈውን እያጠፋሁ መልሼ እጽፈው ነበር።» ጆሮው ድረስ ቀላ። «በየቀኑ ብመጣ ታውቂብኛለሽ ብዬ ነው በሳምንት ሁለት ቀን ያደረግኩት። ሦስት ሳምንት ሙሉ በየመስመሩ ስህተት ስፈልግ፣ ይሄ ይሆናል ብዬ እንዴት ላስብ? እኔን የሚሰማኝ ሰው አለ ብዬ እንዴት ልገምት?»

ሳቅና እንባ በአንድ ላይ መጡባት። የቱን እንደምታስቀድም አላወቀችም። እሱ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት፣ እንኳን ደስ ያለሽ እንደሚል ሰው ቀኝ እጁን ዘረጋላት። እሷም እንደዚያው ጨበጠችው። ከዚያ መልቀቅ ነበረባቸው፤ አንዳቸውም አልለቀቁም።

አትክልተኛው የአፈር ከረጢት የጫነ ጋሪ እየገፋ መጣ። ኮሪደሩ ጠባብ ነው። ጥቂት ታገሳቸው፤ የሚሰሙት አልመስል ሲለው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጆች፣ ይሄ መንገድ ነው እኮ! ወይ ግቡ፣ ወይ ውጡ!»

እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ወጡ።