ከእግር የተለካ ደም

«ሱሪዎን ወደ ላይ ይሰብስቡ» አልኩት። ለበዳዳ የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው።

ጊዜው 1956 ዓ.ም. ነው። ከነርሶች ትምህርት ቤት ተመርቄ የካ ባለች ትንሽ ክሊኒክ ነርስ ነበርኩ። እሱ ለእንጦጦ ደን ጥበቃ ሥራ የጤና ምርመራ ቅጽ ሊያስሞላ መጣ። ግራ እጁ ኮሪያ ቀርቷል። ቀኙም ከክርኑ በላይ ተቃጥሎ ጠባሳ ስለሆነ የደም ግፊት መለኪያውን ጨርቅ ማሰር አልቻልኩም። ወረፋው ረጅም ነበር፤ እኔም ትዕግሥት የለኝም። እንደተቀመጠ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አሰርኩት።

«ሲስተር፣ ልቤ እግሬ ውስጥ መግባቱን ማን ነገረዎት?» አለኝ።

ሳቅሁ። መቶ ሰማንያ ብዬ ጻፍኩ። ከየት እንደለካሁ ግን አልጻፍኩም።

የሥራውን መልስ ሲጠብቅ ሁለት ወር ሙሉ፣ እሑድ እሑድ እስከ እንጦጦ ራጉኤል አብረን ወጣን። ሽማግሌ ልልክ ነው ሲለኝ ቶሎ በል አልኩት። ከዚያ ጠፋ... ሌላ አግኝቶ ይሆናል ብዬ ተናደድኩ። በሦስተኛው ሳምንት ቤቱ ድረስ ሄድኩ።

ማኅተም ያለበት ወረቀት አሳየኝ። ከፍተኛ የደም ብዛት ስላለበት አልተቀበሉትም። እናቱን በዚሁ በሽታ በአንድ ጠዋት እንዳጣ፣ እኔንም መበለት እንደማያደርገኝ ነገረኝ።

ቁጥሩ የእኔ ነበር። ያን ቀን የነርስነት መጽሐፌን ገለጥኩ፤ ሰው ተቀምጦ ከእግሩ ሲለካ ግፊቱ ከክንድ እጅግ ይበልጣል። ማስተኛት ነበረብኝ። መሥሪያ ቤቱ ሄጄ ስህተቴን ብናገር ቦታው ለሌላ ተሰጥቷል አሉኝ። በማግስቱ መለኪያውን ይዤ በዳዳ ቤት ተመለስኩ። እጁን ከልቡ ትክክል አድርጌ፣ ከክርኑ በታች ሦስት ጊዜ ለካሁ። መቶ ሃያ። ሦስቱንም ጊዜ።

«ጤነኛ ነህ በዳዳ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ጨርቁን በጥርሱ ፈታው።

«ስለምትወጂኝ ነው እንዲህ የምትዪው።»

«ያየሁትን ነው የምነግርህ።»

«ያኔም የለካሽው አንቺ ነሽ፣ አሁንም አንቺ ነሽ። የትኛዋን ልመን?»

ሌላ ሐኪም ጋ እንሂድ ብዬ ብለምነውም፣ ሁለተኛ እንዲፈረድብኝ አልፈልግም አለ። በሳምንቱ ሱሉልታ ወንድሙ ዘንድ ገባ። ሁለት ደብዳቤ ጻፍኩለት፤ አልመለሰም።

አራት ዓመት ሆነው። ለራጉኤል በዓል ሲመጣ ከሩቅ አየዋለሁ፤ ያን ዳገት አንድ ጊዜም ሳያርፍ ይወጣዋል። ሚስት አላገባም።

እኔ ግን ባለፈው ጥር አገባሁ።