ዝም ያለው ሽማግሌ

አምሐን በደንብ ያየሁት ጠረጴዛዬ ሥር ተወሽቆ ነው።

በ1987 ዓ.ም. ላፍቶ አካባቢ ባለ አንድ ቢሮ ውስጥ ታይፒስት ነበርኩ። እሱ የግቢያችንን በር በይዶ ሲጨርስ ሊያስፈርም ገባ። በዚያች ቅጽበት ውጭ ግድግዳ የተደገፈው ላሜራ ሲሚንቶ ላይ ወደቀ። ጆሮዬን ይዤ ዞር ስል ያ ረጅም ሰውዬ የለም። ጎንበስ ብዬ ባይ እግሬ ሥር ኩርምት ብሎ ይንቀጠቀጣል።

ሳቅሁበት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከት ብዬ ነው የሳቅሁት።

«ሳቂ፣ ግድ የለም» አለ ቀና ብሎ። «በሌላ ሰው ቢደርስ እኔም እስቅ ነበር።»

ዓይኖቹ ግን አልሳቁም። ሳምንቱን ሙሉ ከፊቴ አልጠፉም። ይቅርታ ልጠይቀው ወደሚሠራበት ጋራዥ ሄድኩ፤ ከዚያ በኋላማ መመላለሱን ማን ይተወው!

አምሐ ከተበተነው ጦር የተመለሰ ነው። እንቅልፍ የለውም። ሐኪም ቤት ኪኒን ሰጡት፤ ቀኑን ሙሉ አፈዘዘው እንጂ ምን ሆንክ ያለው የለም። ጠበል ወሰድኩት፤ አጥማቂው «ውጣ አንተ ርኩስ!» እያለ ሕዝብ ፊት ጮኸበት።

«ሐኪሞቹ እግዜርን አያነሱም፤ አጥማቂው እኔን አይሰማም» አለኝ። «ሁለቱንም የያዘ ሰው ካለ አምጪልኝ። ከሌለ ተይኝ፣ ውዳሴ።»

እኔ ደግሞ አልተውም ካልኩ አልተውም። ስጠይቅ ስጠይቅ ሀና ማርያም አገኘሁት። ሚሳኤል ይባላል። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሥነ ልቦና የተማረ፣ ዲያቆንም የሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ በእናቱ ግቢ፣ አንዲት ክፍል ውስጥ፣ የተጨነቀ ሰው ያነጋግራል። ጠረጴዛው ላይ መጽሐፍ ቅዱስና ደብተር ብቻ ነው ያለው።

የመጀመሪያ ቀን አብሬው ገባሁ። ሚሳኤል ቆሞ አቡነ ዘበሰማያት ደገመና ተቀመጠ።

«የምትነግረኝ እዚህ ይቀራል» አለው። «ለንስሐ አባትህ አልነግርም። ለዚህችም እህቴ አልነግርም።»

ከዚያ እኔን በትሕትና አስወጣኝ።

በአራተኛው ወር አምሐን አውቶቡስ ውስጥ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ከላፍቶ እስከ ሜክሲኮ። ክንዴ ደነዘዘ፤ ንቅንቅ አላልኩም።

«ተኛሁ እንዴ?» አለ ብንን ብሎ።

«አንኮራፋህ እኮ!»

«ውሸታም።»

«በገብርኤል!»

አፈረ፤ ከዚያ ሳቀ፣ በዓይኖቹ ጭምር። ትክ ብሎ አየኝና «ሽማግሌ ልላክ?» አለኝ።

«ምን ትጠብቃለህ?» አልኩት።

ሽማግሌ ሦስት ነው፤ አምሐ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ዘመድ የለውም። የጋራዡ ባለቤት ጋሽ ሮበሌ አንድ ሆኑ፣ ጎረቤታቸው ሁለተኛ። ሦስተኛው ሚሳኤል ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ። አባባ ዲያቆን ያከብራሉ፤ ከሱ የተሻለ ከየት ይመጣል?

«እኔ መሄድ የለብኝም፣ እህቴ» አለ ሚሳኤል። «ሽማግሌ ይጠየቃል። እኔ ደግሞ መመለስ አልችልም።»

«ማን ይጠይቅዎታል? ከሽማግሌዎቹ ጋር መቆም ብቻ እኮ ነው!»

አለቀስኩ። በማርያም ብዬ እግሩ ላይ ልወድቅ ስል እሺ አለ።

እሁድ ከሰዓት መጡ። እኔ ጓዳ፣ መጋረጃ ኋላ ነኝ።

«ተቀመጡ እንጂ» አሉ አባባ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ሮበሌ እንደ ወጉ፤ ልጅዎን ለልጃችን አሉ። አባባ ሁለቱን ትተው ወደ ሚሳኤል ዞሩ።

«አንተ ዲያቆን ነህ፤ አትዋሸኝም። ይኼ ልጅ አንተ ዘንድ ይመላለሳል አሉኝ። ልጄን ብሰጠው በሰላም ትኖራለች?»

ዝም።

«ክፉ ነገር የለበትም በለኝና ይብቃ።»

«አቶ ክብረት፣ የሰማሁትን፣ ክፉም ይሁን ደግ፣ መናገር አልችልም።»

ተናገር፣ አንተ ድንጋይ! ብዬ መጋረጃውን ነከስኩ።

«ዲያቆን ዝም ካለማ ነገሩ ከባድ ነው» አሉ አባባ። «ልጄን ለዚህ ሰው ብሰጥ አጥንቴ አይረፍ!»

በእኛ ቤት አባት ከማለ አለቀ። ሁለት ሳምንት ከግቢ እንዳልወጣ ተከለከልኩ። ጋራዥ ስደርስ የአምሐ ቦታ ባዶ ነው።

«ዲያቆኑ ነው ያፈረሰብህ አልኩት» አሉ ጋሽ ሮበሌ አንገታቸውን ደፍተው። «ሌላ ምን ልበለው? በማግስቱ ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ።»

ሀና ማርያም በሩጫ ደረስኩ። እርስዎ ማለት እዚያው ቀረ።

«አንተ! አንድ ቃል ብትናገር ምን ነበረበት?»

ዓይኖቹ ቀልተዋል። «ስለ አምሐ ክፉ የለበትም ካልኩ፣ ነገ ስለ ሌላው ተጠይቄ ዝም ስል ክፉ አለበት ማለቴ ይሆናል፤ ያ ሰው ይሞታል።»

«የኔንስ ገደልከው!»

ዝምታ ይችልበታል።

ጥር 1991 ብስራተ ገብርኤል ታክሲ ስጠብቅ አንድ ድምፅ «ውዳሴ» አለኝ። የወታደር ልብስ ለብሷል። አባባ ለመረጡልኝ ሰው ከተዳርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። አምሐ ቀለበቴን አየ፤ የገፋ ሆዴን አየ።

«እንደገና ጠሩን፤ ነገ ወደ ግንባር ነን» አለ። «ባልሽ ደህና ይተኛል?» ሲል ጠየቀኝ።

«እንደ ግንድ።»

«ተመስገን።»

ታክሲዎች ሞልተው አለፉ። ሁለታችንም መሬት መሬት እናያለን።

«ሚሳኤል ለአባትሽ ምን ብሎ ነገራቸው?»

«ምንም።»

«ምንም ማለት?»

«አንድ ቃል አልወጣውም። አባባ የማሉትም ለዚያ ነው።»

ፊቱ አመድ ሆነ። «እኔ እኮ ገመናዬን ዘረገፈው ብዬ ነው የሄድኩት። ሁላችሁም አወቃችሁ ብዬ፣ አፍሬ።»

«ምኑን?»

«በእንቅልፌ እወራጫለሁ። ሳላውቅ እመታሽ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። ሌላ የለም፣ በእናቴ! እሱማ ንገራትና እሷ ትወስን አለኝ። ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ ልነግርሽ ነበር።»

ብትመታኝስ ምን ነበረበት! ልለው ነበር። እንባ ቀደመኝ። ታክሲ መጣ፤ ጉንጬን በጣቱ ነካ አደረገና ገባ።

መጋቢት ላይ ጋሽ ሮበሌ ቢሮዬ ድረስ መጥተው መርዶውን ነገሩኝ። አንዲት እንባ እንኳ ማውጣት አልቻልኩም፤ ባለትዳር ነኝ፣ ምኔ ሞተ ብዬ ላልቅስ? ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም። ለባሌ አልነግረው፣ ለአባባ አልነግራቸው።

አንድ ቅዳሜ እግሬ ሀና ማርያም ወሰደኝ። ሚሳኤል በሩን ከፍቶ ሲያየኝ ደነገጠ። ሳልጠየቅ አልፌ አምሐ ይቀመጥባት የነበረችው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ቆሞ አቡነ ዘበሰማያት ደገመ።

«የምትነግሪኝ» አለ፣ «እዚህ ይቀራል።»

«እሱንስ ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል» አልኩት።