የጌታሁን ጭስ ማውጫ

አቶ ጌታሁን ሞተው የተገኙት ከራቫታቸውን እንዳሰሩ ነው። ሰው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ወንበሩ፣ በክረምት ሌሊት ለማን ብሎ ከራቫት አስሮ እንደሚተኛ የሶዶ ሰው ጠይቆ አያውቅም። ሰውዬው በንጉሡ ዘመን ከእንግሊዝ አገር በፖስታ በሚመጣ ትምህርት የአርክቴክትነት ዲፕሎማ ተቀብለዋል። ከዚያ ወዲህ «አቶ» ብሎ ለጠራቸው ዞር ብለው አያዩም ነበር፤ አሁን ግን ስለማይሰሙ አቶ ብንላቸው አይቆጡንም።

ቤታቸውንም እንደ ትምህርቱ ሠሩት። ትምህርቱ በረዶ ለሚወርድበት አገር የተጻፈ ነውና፣ በዳሞታ ተራራ ሥር ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ምድጃና ከጣሪያ በላይ ብቅ ያለ የጡብ ጭስ ማውጫ ተሠራ። ሰፈርተኛው «ጌታሁን ሰማዩን ያሞቃሉ» እያለ ይስቅባቸው ነበር።

ወላይታ ለብቻው ዞን በሆነ በቀጣዩ ዓመት፣ ክረምት ላይ፣ አንድ ጠዋት የምድጃው ክፍል አልከፈት አለ። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ሰብረው የገቡት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ባለቤታቸው ወይዘሮ የማርያምወርቅ፣ ከቤሌ ለጥየቃ የመጣው ታናሽ ወንድማቸው ቦልቴ፣ እና ጎረቤታቸው የሒሳብ መምህሩ ደገፉ። ኢንስፔክተር ጦና ሲደርስ ወይዘሮዋ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆመው ነበር።

ጦና ሰው አያምንም፤ የተማረ ሰው ደግሞ ጭራሽ አያምንም። የሟቹን ከንፈርና ጥፍር አየ፤ ከወትሮው ቀልተዋል።

«እሷ ነው የመረዘው!» አለ ቦልቴ፣ ሴቱን ከወንዱ በማይለይ የባላገር አማርኛው። «ማታ እራት ያቀረበው ማን ነው? እሷ ነው። ገዳይ ደግሞ ባሉን አይወርስም። ቤቱ የእኛ ነው!»

«ወንድምህ ገና አልተገነዘ፣ አንተ ጣሪያ ትቆጥራለህ» አለው ጦና። «ምድጃው ውስጥ ከሰል ነዷል፤ የከሰል አየር የገደለው ሰው እንዲህ ይቀላል።»

«እንጨቱ ስለራሰ ነው። እኛማ ‹ከሰል ይገድላል› አልነው። ‹የሚገድለው ጭስ ማውጫ በሌለው በእናንተ ቤት ነው› አለን።»

«ማታ እዚህ ማን ማን ነበር?»

«ሦስታችንም። ስንወጣ በሩን ራሱ ቀረቀረ። ቀልድ ላይ ነበር እኮ! መምህሩን እያሳየኝ ‹ይሄ ያኔ ስማር እርሳስ ይቀርጽልኝ ነበር› አለ። በሳቅ ሞትን።»

«መምህሩም ሳቁ?»

«እኔ እንጃ። ሁላችንም እሳቱን ከበን ነበር።»

ጦና ምድጃው ፊት ተንበረከከ። ሌሊቱን ሙሉ ዘንቧል። አመዱ ግን ደረቅ ነው፤ መሃሉ ላይ ብቻ ጥቁር ውሃ ባንድ ጊዜ ተደፍቶበታል። እጁን ጭሱ ወደሚወጣበት ወደ ምድጃው ጉሮሮ ሰደደና እስከ ክርኑ ጠቁሮ አወጣው። ውሃ አስመጥቶ ታጠበ።

«እሳቱን የሚያነዱት እርስዎ ነዎት?» አላቸው ወይዘሮዋን።

«እኔ አመድ ጠራጊ ነኝ። እሳቱን ራሱ ነበር የሚያነደው። ‹ሴት አትነካውም› ይል ነበር።»

«ያን ትምህርት ሲማሩ ያስታውሳሉ?»

«አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። ማታ ማታ ከደገፉ ጋር በር ዘግተው ይቀመጣሉ። እኔ ፋኖስ ላይ ጋዝ ስጨምር ይነጋል።» ድምፃቸው ተሰበረ። «ልጄ፣ መርዝ የት ይሸጥ እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ሊያስሩኝ ነው?»

ጦና ገና አላወቀም፤ ወደ መምህሩ ሄደ።

መምህር ደገፉ ኮታቸውን ቆልፈው፣ አንድ እግራቸውን በሌላው ላይ አጣምረው ጠበቁት።

«ስለ ግንባታ ያውቃሉ?»

«እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፣ ልጄ። እዚህ ምድጃ ውስጥ የሚነደው የጌታሁን ትዕቢት ነው። እንዴት እንደሚሠራም አላውቅ።»

ከሰዓት በኋላ፣ ሬሳው ለምርመራ ከተወሰደ ወዲያ፣ ጦና ሦስቱንም ወደዚያው ክፍል ጠራቸው። ምድጃው ውስጥ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል ከምሮ «በረደኝ» አለና ለኮሰው። በሩን ዘግቶ ጀርባውን አስደገፈበት። ጭሱ ወደ ላይ በመውጣት ፈንታ ወደ ክፍሉ ተገለበጠ።

«ምን እያደረግህ ነው?» ጮኸ ቦልቴ። መስኮቱን በቡጢ ይደበድብ ጀመር። ወይዘሮ የማርያምወርቅ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ወለሉ ላይ ወደቁ።

«አንተ ደንቆሮ፣ ልትፈጀን ነው!» አሉ መምህር ደገፉ፤ እያሳሉ ወደ ምድጃው ዘለሉና እጃቸውን ጉሮሮው ውስጥ ሰደዱ። ብረት ተንጓጓ። ጭሱ ወዲያው ወደ ላይ ተሳበ።

መምህሩ የጠቆረ እጃቸውን እያዩ ቆመው ቀሩ። ጦና በሩን ከፈተው።

«ጭስ ማውጫው ሰማይ ላይ አፉን ከፍቶ አድሯል» አለ። «አመዱ ግን ደረቅ ነው፤ አንድ ቦታ ብቻ የተደፋ ውሃ አለበት። ስለዚህ ዝናቡ የሆነ ነገር ላይ ሲጠራቀም አድሯል። እጄን ብሰድ፣ ጉሮሮው ላይ የብረት ክዳን ተከፍቶ አገኘሁ፤ አሁን ለፈተና መልሼ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ውሃው ፍም ላይ ቢፈስ አመዱን ይበትነው ነበር፤ አልበተነውም። ክዳኑ የተከፈተው እሳቱ ሞቶ ካደረ በኋላ ነው፤ ሙት ደግሞ ተነሥቶ ክዳን አይከፍትም። ከእናንተ አንዱ ማታ ዘጋው፤ ከሰል ጭስ ስለሌለው ማንም አልነቃም፤ ጠዋት በለቅሶው ግርግር መልሶ ከፈተው። የቀረኝ፣ ክዳን መኖሩን የሚያውቀው ማን ነው የሚለው ነበር። አንዱ መስኮት ደበደበ፣ አንዷ ወደቁ። የተማረ እጅ ግን ሳያስብ ይሄዳል። አንተም ያንን ትምህርት ተምረሃል።»

«እኔም?» አለ ደገፉ። አንቱታውን ጦናም እኛም አንሥተንበታል። «እኔ ነኝ እንጂ የተማርኩት! ክፍያውን እኩል አዋጣን። የሚመዘገበው አንድ ስም ስለሆነ ዕጣ ጣልን፤ ለእሱ ወጣ። ፈተናውን ማን ሠራ? ንድፉን ማን ነደፈ? እሱ ቴምብር እየላሰ ፖስታ ያሽግ ነበር! ዕድሜዬን ሙሉ እሱ አርክቴክት ሲባል ሰማሁ። ማታ ደግሞ በዚህ ባላገር ፊት እርሳስ ቀራጭ አደረገኝ።»

«ወይዘሮዋ ሲታሰሩ ዝም ልትል ነበር?»

ደገፉ ትከሻውን ሰበቀ። «መርዝ ካልተገኘ ይፈቷት ነበር።»

ጦና ቃል መቀበያውን አወጣ። «ሥራ፣ መምህር» እያለ ጻፈ።

«አርክቴክት በል!»

«ማስረጃ አለህ?»

ደገፉ ዙሪያውን አየ። ያን ዘመን በዓይኑ ያየ በሕይወት የቀረ አንድ ሰው ብቻ ነው። «የማርያምወርቅ፣ አንቺ ነበርሽ። ማን ይሠራ እንደነበር ንገሪው። ስለ እግዚአብሔር፣ ንገሪው!»

ወይዘሮ የማርያምወርቅ ከወለሉ ተነሡ። ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«እኔ ያየሁት» አሉ «ባሌ ሲማር ነው።»

ከዚያ ቦልቴን ከበሩ ላይ በክንዳቸው ገፋ አድርገው፣ የለቅሶው ድንኳን ወደሚተከልበት ወጡ።