ከኡናይሲ ቤት የሚሰማው ጭብጨባ

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም። የሆነ ነገር ነው... በራሴ ላይ የሆነ።

የፊጂ ዋና ከተማችን ሱቫ በኮቪድ ተዘግታ በነበረችበት ጊዜ፣ ሐሙስ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ። ፀሐዩ ገና አልበረደም።

ብቻዬን ነበርኩ። ነርስ ልጄ፣ አስም ያለባትን የልጅ ልጄን ሎሳሊኒን ቅዳሜ ልታመጣልኝ ቃል ገብታለች። እስከዚያ ግን ከማንም ጋር እንዳልነካካ አስምላኛለች። እኔም ማስኬን አጥልቄ፣ እጄ እስኪላጥ እየታጠብኩ እጠብቃለሁ።

ከዚያ ከጎረቤቴ ከኡናይሲ ቤት...

ጧ።

ትንሽ ዝምታ... ጧ፣ ጧ፣ ጧ።

የያንጎና ጭብጨባ ነው፤ ያንጎና ከተክል ሥር የምንበጠብጠው መጠጣችን ነው። ሰው ቅሉን ሲቀበል አንዴ ያጨበጭባል፣ ጠጥቶ ሲመልስ ሦስቴ። በአንድ ቅል መጠጣት ተከልክሎ ሳለ እሷ እንግዳ ሰብስባለች ማለት ነው።

ቅናት አንገበገበኝ። እሷም እንደኔው ብቻዋን የምትኖር ባልቴት ናት። ማንን ጠራች? እኔንስ ለምን ተወችኝ? የገዛ ጓደኛዬ...

አጥሩን አልፌ ሄድኩ። ደጃፏ ላይ የእንግዳ ጫማ የለም።

የሚያወራም፣ የሚስቅም የለም... ጭብጨባ ብቻ።

"ተመለሺ፣ ልጅቷን አስቢ" አልኩ ለራሴ። እግሬ ግን እሺ አላለኝም።

ኡናይሲ ሰሌኖቿ መሃል ብቻዋን ተቀምጣለች። ቅሉን ለባዶ ቦታ ዘርግታለች።

"እሜቴ ንጽሕት... ከሳሙናሽ ተጣላሽ እንዴ?" አለችኝ።

"ከማን ጋር ነው የምትጠጪው?" አልኳት በሹክሹክታ።

"ቦታ ይዘውልሻል። ያንን ጨርቅ አውልቂና ተቀመጪ... ቀረሽብን ብለው ተቀይመዋል።"

መውጣት ነበረብኝ። ግን ቦታ የያዘልኝ ሰው ካየሁ ስንት ጊዜዬ...

ማስኬን አወለቅሁ። ጠጣሁ።

የቅሉ ጠርዝ በሰው ከንፈር እንደሞቀ ነበር።

ለማጨብጨብ እጄን ሳነሳ... ከጀርባዬ ብዙ እጆች ቀደሙኝ።

ዞርኩ። ማንም የለም።

አርብ ለልጄ ደውዬ፣ ከሰው ጋር ጠጥቻለሁ፣ ልጅቷን እንዳታመጪ አልኳት። ብዙ ተቆጣችኝ። ሎሳሊኒ ስልኩን ተቀበለቻት።

"ቡቡ፣ እነሱን ከኔ አስበለጥሽ?" አለችኝ፤ ቡቡ ማለት አያቴ ማለት ነው።



ቅዳሜ ጠዋት ኡናይሲ ሰሌኖቿን ፀሐይ ላይ ስታሰጣ በመስኮት አየኋት። በእያንዳንዱ ሰሌን ላይ እርጥብ የመቀመጫ ቅርጽ ታትሟል።

ከዳር ያለው ግን ትንሽ ነው... በሎሳሊኒ ልክ የሆነ የሕፃን ልጅ መቀመጫ።

ሌሎቹ ሲደርቁ እሱ እስከ ማታ አልደረቀም።