ከሻማው ጀርባ ያለችው አምፖል

ውጭ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ፊልም በሚቀረጽበት ቤት ውስጥ ግን እኩለ ሌሊት ነው። መስኮቱ ሁሉ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኗል፤ አንዱ ሠራተኛ ጭስ ይነፋል፤ ሌላው ከበር ኋላ ቆርቆሮ እያራገበ ነጎድጓድ ይሠራል።

አስፈሪ ፊልም መቼም ሥርዓቱ የታወቀ ነው። አሮጌ ትልቅ ቤት፣ ረጅም ደረጃ፣ ሲጢጥ እያለ ብቻውን የሚከፈት በር፣ በዓይኑ ሰው የሚከተል የሟች ሥዕል፣ ነጭ የሌሊት ቀሚስ የለበሰች ሴት። ሴትዮዋ ድምፅ ትሰማለች። ጤነኛ ሰው እንዲህ ያለ ድምፅ ሲሰማ እግሬ አውጪኝ ይላል። እሷ ሻማዋን ይዛ ወደ ድምፁ ትሄዳለች። መብራት ማብራት የሚባል ነገር ትዝ ብሏት አያውቅም።

ሴትዮዋ ደግሞ አንድ አይደለችም። ፊቷ የዋናዋ ተዋናይት ነው፤ ጀርባዋ የሌላ። ደረጃው መደገፊያ የለውም፣ ተዋናይቷም ከፍታ ትፈራለች። ስለዚህ ከኋላ እየታየች የምትወርደው ሌላ ልጅ ናት። እዚያ ቤት ስሟን የሚጠራ የለም፤ «ጀርባ» ነው የሚሏት። «ጀርባ ትምጣ!» «ጀርባ ምሳ በላች?» ለምዳው አቤት ትላለች። የተነገራት ሕግ አንድ ነው፦ ምንም ቢመጣ እንዳትዞሪ።

ሥራው ከባድ አልነበረም። የሚከብደው ቤት ያለው ነበር። እናቷ ሳል ይዟቸው ሌሊቱን የሚያጋምሱት ልጃቸው ደረት ላይ ተደግፈው ነው። ልጅቱ ጠዋት ሥራ ስትገባ ቀሚሱን የሚያለብሷት እትዬ፣ የልብስ ኃላፊዋ፣ «ዛሬስ መንፈሱን አንቺ ብትሠሪው ይሻላል፤ ሜካፕም አያስፈልግሽ» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። ለመሳቅ እንኳ አቅም ያጥራታል።

የሻማ ብርሃን ለካሜራ አይበቃም። ለዚህ ነው ባለመብራቱ ከሻማው ጀርባ ትንሽ የእጅ ባትሪ አምፖል የሚደብቀው። ሽቦው በእጅጌዋ ገብቶ፣ በቀሚሷ ሥር ወርዶ እሱ እጅ ላይ ያልቃል። እሷ ስትራመድ እሱ ከኋላዋ ጎንበስ ብሎ እየተከተለ ብርሃኑን ያርገበግበዋል። በየጠዋቱ ሽቦውን ክንዷ ላይ በፕላስተር ይለጥፋል።

«ይቀዘቅዛል፣ ይቅርታ» ይላል።

«ምንም አይደል» ትላለች።

የሁለቱ ወሬ ይኸው ነበር። እሱ ዝምተኛ ነው፤ እሷ ደክሟታል።

ወሬ የጨመረው አምፖሎቹ መቃጠል ሲጀምሩ ነው። ባለመብራቱ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ ልክ ቀረጻው ሊጀመር ሲል «ጋሼ፣ አምፖሉ ተቃጠለ» ይላል። ዳይሬክተሩ ፀጉሩን ይነጫል። ባለመብራቱ ግን አይቸኩልም። «እስክቀይረው አንቺ ቁጭ በይ» ብሏት፣ ሽቦውን ሲፈታ፣ ሲያጠብቅ፣ ደግሞ ሲፈታ፣ እንቁላል ተቀቅሎ የሚበላበት ጊዜ ያልፋል። የተቃጠለውን አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይጥለዋል።

«አንተ ግን እጅህ ምን አለው?» አለችው አንድ ጠዋት። «የነካኸው ሁሉ ይሞታል እኮ!»

«ዕድሌ ነው» አለ ፈገግ ብሎ።

«አምፖል ገዳይ! እንግዲያው እኔን እንዳትነካኝ።»

ይህን ስትል ፕላስተሩን እየለጠፈላት ነበር። ጣቱ ክንዷ ላይ ቆመ። ቀና ብሎ አያት፤ እሷም አየችው። ማን ቀድሞ ዓይኑን እንደሰበረ እግዜር ይወቅ። ያን ቀን ደረጃውን ስትወርድ የሻማዋ ብርሃን ከወትሮው የበለጠ ተንቀጠቀጠ፤ ዳይሬክተሩም «ፍርሃት ማለት ይኼ ነው!» ብሎ አጨበጨበ።

«አምፖል ገዳይ» የሚለው ስም ግን ከእሷ አፍ ወጥቶ ቤቱን ሁሉ አዳረሰ። ሁሉም ይስቅበት ጀመር። በመጨረሻ ዳይሬክተሩም ሰማው፤ እሱ ግን አልሳቀም።

«አምፖል ገዳይ ነው አሉ የሚሉህ?» አለው ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት። «እኔ ገዳይ የምፈልገው ፊልሙ ውስጥ ነው። ነገ የመጨረሻዋን ትዕይንት አብራልኝና ከዚያ ወዲያ ዓይንህን እንዳላይ!»

«እሺ ጋሼ» አለ ባለመብራቱ። አለቀ።

ልጅቱ ለቀልድ ያወጣችው ስም እንጀራውን ሊያሳጣው ነው። ሽቦ ሲጠቀልል አገኘችውና ተቆጣችው።

«ለምን ዝም አልክ? አፍ የለህም? አምፖሎቹ መናኛ ናቸው አትልም?»

«አምፖሎቹ ምንም አላጠፉም» አለ። ሽቦውን መጠቅለሉን ቀጠለ። «ወደ ቤትሽ ሂጂ፣ ደክሞሻል።»

ልጅቱ ስትወጣ እትዬ የብስኩቱን ቆርቆሮ አስያዟት፤ በመንገድሽ ጣዪልኝ ብለው። ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ከዚያም ረሳችው። በዚያ ሰሞን ራሷን ሳትረሳ መዋሏም ተመስገን ነው።

ቤት ስትደርስ እናቷ እንደ ልማዳቸው ዳቦ ፍለጋ ቦርሳዋን በረበሩ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ተይው እማዬ፣ የተቃጠለ አምፖል ነው። ልጥለው ረስቼ ነው።»

እናት ግን አንድ ነገር ሳይሞክሩ የሚጥሉ ሴት አይደሉም። የእጅ ባትሪያቸው አምፖሉ ከሞተ ሰንብቷል። ከቆርቆሮው አንዱን አንስተው አጠበቁት። በራ።

«ኧረ! ይበራል እኮ!»

ሁለተኛውን ሞከሩ። በራ። ሦስተኛውም፣ ሌላውም። እናት በሳቅ ፈነዱና ሳላቸው ተቀሰቀሰ። «ይኼን ተቃጠለ ያለ ሰው ዓይኑን ያመዋል እንዴ?» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ።

ልጅቱ አልሳቀችም። አልጋው ጫፍ ላይ ዘፍ አለች። አምፖሉ ተቃጠለ በተባለ ቁጥር እሷ የት እንደነበረች ታያት፦ ደረጃው አናት ላይ፣ ግድግዳ ተደግፋ፣ ሻማ በእጇ፣ ዓይኗ እየተከደነ። ያ መደገፊያ የሌለው ደረጃ ከሥሯ። «እስክቀይረው ቁጭ በይ።» በዚያች ጊዜ የምትሰርቃት እንቅልፍ ነበረች ቀኑን የምታውላት። ዕድል መስሏት ነበር። እውነቱን ቢናገር ደግሞ የምትባረረው እሷ ነበረች።

«እማዬ፣ ዓይኑ ደህና ነው» አለች። «እኔን ነው ሲያይ የነበረው።» ከዚያ አለቀሰች።

እናት ባትሪውን እያበሩ እያጠፉ ነገሩን ሁሉ አስነገሯት። «ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉ ሲጨርሱ። «እንደዚያች እንደ ፊልማችሁ ሞኝ ሴትዮ በጨለማ ልትደናበሪ ነው? መብራት አብሪ እንጂ፣ ልጄ!»

በማግስቱ ፕላስተሩን ሲለጥፍላት እጁ ቀዝቃዛ ነበር።

«ይቀዘቅዛል፣ ይቅርታ» አለ።

አፏን ከፈተች። ዳይሬክተሩ ግን «ጀርባ! ወደ ላይ!» ብሎ ጮኸ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ተረት ለእሱ የነገረው የለም።

ደረጃው አናት ላይ ቆመች። ጭሱ ገና እየተነፋ ነው። ለባለመብራቱ የመጨረሻ ቀኑ ነው፤ ከእንግዲህ ማንንም መፍራት ማንንም ማገዝ አይጠበቅበትም። የሚገርመው ያን ጠዋት እንቅልፏ የለም። ሆኖም ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። ዛሬም ይዋሽላት እንደሆነ ለማየት ጠበቀች።

ብርሃኑ እልም አለ።

«ጋሼ» አለ ከኋላዋ ያ ዝግ ያለ ድምፅ፤ «አምፖሉ ተቃጠለ።»

ዳይሬክተሩ እንደ ነጎድጓዱ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። «በመጨረሻዋ ቀን! በመጨረሻዋ ሰዓት እንኳ!»

ያኔ ነው ጀርባ የዞረችው። ካሜራው ፊት ለፊት፣ ሰው ሁሉ እያየ።

«አልተቃጠለም!» አለች። «አንዱም ተቃጥሎ አያውቅም፤ ቤቴ ስንሞክራቸው ሁሉም በርተዋል። ጀርባ ናት... እኔ ነኝ የምተኛው። ቆሜ እተኛለሁ፤ እንዳልወድቅ ነው እሱ የሚዋሸው። የሚባረር ካለ እኔ ልባረር።»

ባለመብራቱ ሽቦውን እንደያዘ አንገቱን ደፋ።

«ደከመኝ አይባልም እንዴ?» አለ ዳይሬክተሩ ግራ ገብቶት።

«ስንልህ መቼ ሰምተኸን ታውቃለህ?» አሉ እትዬ ከልብስ ክምራቸው መሀል።

ዳይሬክተሩ ሲናደድ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው። «ይህቺን ትዕይንት ጨርሱልኝና ሁለታችሁም ውጡ!»

ጨረሱለት። ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ወደዚያ ጨለማ በር ወረደች፤ አልዞረችም። የሻማዋ ብርሃን ግድግዳው ላይ ተርበተበተ። ዳይሬክተሩ ሳይወድ በግድ «ይኼ ነው፣ ይኼ ነው» ሲል ተሰማ። የማን እጅ እየተንቀጠቀጠ እንደሆነ እሷ አውቃለች።

«ሂዱ፣ አይዟችሁ» አሉ እትዬ ሲሸኟቸው። «ራሱ ይደውላል። ለሚቀጥለው ፊልሙ ደረጃ ማን ሊወርድለት?» ደውሏልም፤ ግን ያ በኋላ ነው።

በሩን ሲከፍቱት ቀኑ ዓይናቸውን ወጋቸው። ደጃፉ ላይ ተቀመጡ።

«ፊትሽን በብርሃን ሳየው የመጀመሪያዬ ነው» አላት።

«ታዲያ እንዴት ነው?»

«ደክሞታል።»

ሳቀች፤ ራሷንም ትከሻው ላይ ጣል አደረገች። ዓይኗ ተከደነ። ፀሐይዋ ፊቷ ላይ ስታርፍ፣ ሥራው ብርሃን ማብራት የሆነው ሰው መዳፉን ዘርግቶ ጋረደላት። መተኛቷን እርግጠኛ ሲሆን፣ ለራሱ እንደሚያወራ ቀስ ብሎ «እወድሻለሁ» አለ።

«ድገመው» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

ደገመላት። የምር እንቅልፍ የወሰዳት ከዚያ በኋላ ነው።