ለእማዬ ጉሮሮ

እስቲ ጠጋ በሉ ልጆች። ዛሬ ሁሉም ሰው የደከመበት ቀን ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብዬ ነው የማወራው።

የሶስና እናት የታክሲ ረዳት ናት። ቀኑን ሙሉ በሩ ላይ ቆማ ትጣራለች። «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! አንድ ሰው! አንድ ሰው!»

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እማዬ ሳትጠበቅ ቤት ገባች። አልጋው ላይ ዘፍ አለች።

«እማዬ፣ ምነው ቶሎ መጣሽ?» አለች ሶስና።

እማዬ አፏን ከፈተች። «ህህህ...» ድምጿ የለም!

ሶስና ፈራች። የእማዬ ድምጽ ካልተመለሰ ማን ያዋራታል? ቤት ውስጥ እኮ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ኳ! ኳ! ኳ!

ሶስና በር ከፈተች። በርጩማ አቀረበች።

ጎረቤታቸው እትዬ ደብሪቱ ናቸው። እማዬ ጉሮሮዋን ይዛ ስትገባ አይተዋት፣ በብርጭቆ የፈላ ዝንጅብል ይዘው መጡ።

«ውይ በሞትኩት! ምን ሆነሽ? መቼ ጀመረሽ?» አሉ።

እማዬ ለመመለስ ታገለች። «ህህህ... ጠ... ጠዋት...»

ሶስና ብርጭቆው ውስጥ አየች። «መድኃኒቱ የታለ?»

«ቅመሺዋ» አሏት እትዬ ደብሪቱ። ሶስና ቀመሰች። አቤት ማቃጠሉ!

«አየሽ? ያ የሚያቃጥለው ነው። ጉሮሮ ያሞቃል።»

እማዬ ብርጭቆውን ልታነሳ ስትል... ኳ! ኳ! ኳ!

ሶስና በር ከፈተች። በርጩማ አቀረበች። ኡፍፍ!

ጋሽ ወንዳፍራው ናቸው፤ ከፊት ለፊት ቤት። መታመሟን ሰምተው ነጭ ሽንኩርትና ማር ይዘዋል።

«ምን ሆነሽ? መቼ ጀመረሽ?»

«ህህህ... ጠ...» አለች እማዬ። አሁን ድምጿ ከበፊቱም ባሰበት።

ጋሽ ወንዳፍራው ሽንኩርቱን ጨፈለቁት። ጭ-ፍ-ል-ቅ!

«ፉ! ይሸታል!» አለች ሶስና አፍንጫዋን ይዛ።

«እሱማ ነው ጉዱ! ሳይነኩት ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሲጨፈልቁት ነው የሚነቃው» አሉና ከማሩና ከሙቅ ውሃ ጋር ለእማዬ በብርጭቆ አደረጉላት።

ኳ! ኳ! ኳ!

ሶስና በር ከፈተች። በርጩማ አለቀ! የራሷን ትንሽ ወንበር አቀረበች። ኡፍፍፍ!

እማማ ትርፌ ናቸው፤ ጦስኝ አፍልተው መጡ። አንድ ቅጠል በጣታቸው አሽተው ሶስናን አስሸተቷት።

«እዚህች ቅጠል ውስጥ ዓይን የማያያት ዘይት አለች። ይሄ ሽታ የሷ ነው» አሉ።

ሶስና ደስ አላት። ግን ምን ያደርጋል! ሦስቱም ማውራት ጀመሩ። ስለ ጉልበት ሕመም። ስለ መብራት መጥፋት። ስለ እማማ ትርፌ ድመት።

«አይደለም እንዴ?» ይሏታል እማዬን። እማዬም ትመልሳለች። «ህህ... ነው... ህህ...»

ሶስና ብርጭቆዎቹን አየች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስቱም ሞልተዋል። ሦስቱም ቀዝቅዘዋል።

ታዲያ እማዬ መቼ ትጠጣ? እያወራች!

ሶስና እግሯ ዝሏል። ተናዳለችም። ሄዳ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና ባላት ድምጽ ሁሉ ጮኸች።

«ወራጅ አለ! ወራጅ አለ!»

ሦስቱም ወደ በሩ ዞሩ።

«ምን አለች?» አሉ እትዬ ደብሪቱ።

«ውረዱ አለቻ!» አሉ ጋሽ ወንዳፍራው፤ ሳቃቸው አመለጣቸው።

ሶስና ግን አልሳቀችም። «እማዬ መጠጣት አለባት። ስታወሩባት አትጠጣም» አለች።

እማማ ትርፌ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነቷን ነው። እኛው ነን ያደከምናት።»

ጦስኙን መልሰው አሞቁት። ከዚያ ሦስቱም አንድ በአንድ፣ በእግር ጣታቸው እየተራመዱ ወጡ። ቲፕ፣ ቲፕ፣ ቲፕ።

እማዬ ጠጣች። ፉት... ፉት... ፉት። ሶስና በሩን ተደግፋ ተቀመጠች።

ኳ! ኳ! ኳ!

ሶስና በሩን ትንሽ ከፈት አደረገች። «እሽሽሽ» አለች ለመጣው ጎረቤት። በሩን ዘጋች።

እማዬ ትንሽ ተኛች። ቤቱም ዝም አለ።

መሸት ሲል አንዲት ቀጭን፣ ሻካራ ድምጽ ተሰማች።

«ሶሲዬ... አንቺስ? ደከመሽ?»

የእማዬ ድምጽ ናት! ቀኑን ሙሉ ሶስናን እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

«አዎ እማዬ» አለች ሶስና። «በጣም ደክሞኛል።» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

እማዬ ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረገችላት። ሶስና ከነጫማዋ ገባች፤ ማንም አልተቆጣትም።